አሰልጣኙ ይባረር፣ ኳርተርባኩ ይቀየር፦ የኮሌጅ ፉትቦል ደጋፊ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

በፈረንጆቹ ኖቬምበር 30 ቀን 2024፣ ኮሎምበስ ከተማ። ኦሃዮ ስቴት በገዛ ሜዳው፣ ከመቶ ሺህ በላይ ሰው ፊት፣ በሚሺገን 13 ለ 10 ተሸነፈ። ሚሺገን ያን ዓመት እንደ ወትሮው አልነበረም። ከጨዋታው በፊት «ያሸንፋል» ብሎ የገመተ ሰው ከተገኘ ወይ እዚያ የተማረ ነው ወይ ልጁን እዚያ ያስተማረ ነው። ለዋና አሰልጣኙ ለራያን ዴይ ደግሞ በዚህ ባላንጣ መሸነፍ በተከታታይ አራተኛው ነበር። ሰው ከስታዲየሙ ወጥቶ ሳያልቅ «ይባረር!» የሚለው ጩኸት ከተማውን ሞላው።

አልተባረረም። ከሰባት ሳምንት በኋላ ያው ሰውዬ አትላንታ ላይ የአገሪቱን ዋንጫ አነሳ።

ይህ ስፖርት፣ ኮሌጆች የሚጫወቱት የአሜሪካ ፉትቦል፣ አሜሪካ ላለነው ሐበሾች ብዙም እንግዳ አይደለም። ልጅ ኮሌጅ ሲገባ ወላጅም ቅዳሜ ቅዳሜ ለብሶት በማያውቀው ቀለም ቲሸርት ብቅ ይላል። ችግሩ አመላችንን ከእንግሊዝ ኳስ ይዘን መምጣታችን ነው። ሦስት ጨዋታ ከተሸነፈ አሰልጣኙ ይሂድ፣ አጥቂው ይቀመጥ እንላለን። አሜሪካኖቹም ቢሆኑ ከእኛ አይሻሉም፤ እንዲያውም ይብሳሉ። የስህተቶቹ ሁሉ ሥር አንድ ይመስለኛል። ካሜራው አቅርቦ የሚያሳየን ሁለት ሰው ነው፤ አሰልጣኙንና ኳርተርባኩን፣ ማለትም ኳሷን ተቀብሎ የሚወረውረውን ልጅ። እኛም የምንፈርደው በእነዚሁ በሁለቱ ላይ ብቻ ነው።

በአንድ ቅዳሜ መፍረድ

የኮሌጅ ፉትቦል መደበኛ ውድድር 12 ጨዋታ ብቻ ነው። ፕሪሚየር ሊግ 38 አለው። ስለዚህ እዚህ አንድ ሽንፈት ከልክ በላይ ያማል። ድሮ ማመሙም ተገቢ ነበር። ለዋንጫ የሚጫወቱት አራት ቡድኖች ብቻ በነበሩበት ጊዜ አንዲት መጥፎ ቅዳሜ ዓመቱን ሙሉ ልታበላሽ ትችል ነበር። ከ2024 ጀምሮ ግን ፕሌይኦፉ፣ ማለትም ለዋንጫ የሚደረገው ጥሎ ማለፍ፣ 12 ቡድን ያስገባል። ሁለቴ የተሸነፈ ቡድንም ሻምፒዮን ሊሆን ይችላል። ኦሃዮ ስቴት በኦሬገን 32 ለ 31፣ በሚሺገን ደግሞ 13 ለ 10 ተሸንፎ ነው ዋንጫውን የወሰደው።

በሚሺገኑ ጨዋታ ዴይ ጥፋት የለበትም ማለቴ አይደለም። አለበት እንጂ። ኦፌንሲቭ ላይኑ (ኳርተርባኩን ከፊት የሚጠብቁት ልጆች) በጉዳት ሳስቶ፣ ዳር ላይ እንደ ጄረማያ ስሚዝ ያለ ተቀባይ ቆሞ፣ ቡድኑ ኳሷን ይዞ በመሃል ለመሮጥ ደጋግሞ ሞከረ። መሃሉ ላይ ደግሞ የሚሺገን ግዙፎች ቆመዋል። ከዚያ በኋላ ግን ምን ሆነ? ቴነሲን 42 ለ 17፣ ኦሬገንን 41 ለ 21፣ ቴክሳስን 28 ለ 14፣ በመጨረሻም ኖትር ዳምን 34 ለ 23። ኳሷ ወደ ዳር መውጣት ጀመረች። በሚሺገን ሁለት ኢንተርሴፕሽን የወረወረው፣ ማለትም ሁለት ኳስ በተከላካይ የተነጠቀው፣ ኳርተርባክ ዊል ሃዋርድ በፍጻሜው ጨዋታ የመጀመሪያዎቹን 13 ኳሶች አንዷን እንኳ ሳያስት አቀበለ። ኖትር ዳም እየተጠጋ መጥቶ ልብ ሲሰቀል፣ በሦስተኛ ዳውን (ከአራቱ ሙከራዎች በሦስተኛው) 11 ያርድ ሲቀር፣ ለዚያው ለስሚዝ 56 ያርድ ወርውሮ ጨዋታውን ጨረሰው።

እንግዲህ መጠየቅ ያለበት «ዛሬ ተሸነፈ ወይ?» ሳይሆን «ያው ስህተት እየተደጋገመ ነው ወይ?» የሚለው ነው። የሚደጋገም ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ኔብራስካ በ2021 ስኮት ፍሮስት እያሠለጠነው 3 አሸንፎ 9 ተሸነፈ። ዘጠኙም ሽንፈቶች ከአሥር ነጥብ በታች በሆነ ልዩነት ነበሩ። አንዱን «ዕድል ነው» ማለት ይቻላል። ዘጠኙን ግን ዕድል ማለት ዕድልን ማማት ነው።

«ማንም ይምጣ፣ ከዚህ ይሻላል»

ኔብራስካን ካነሳሁ አይቀር እዚሁ ትንሽ ልቆይ። አሰልጣኝ የመቀየር ጉዳይ ላይ ከዚህ ኮሌጅ የተሻለ መማሪያ ያለ አይመስለኝም።

ፍራንክ ሶሊች በኔብራስካ ስድስት ዓመት ሠርቶ 58 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። በ2003 መደበኛውን ውድድር 9 ለ 3 (9 ድል፣ 3 ሽንፈት) ጨርሶ ተባረረ። ምክንያቱ ዘጠኝ ማሸነፍ ለኔብራስካ አይመጥንም የሚል ነበር። ከእሱ በፊት የነበረው ቶም ኦዝቦርን ሦስት ዋንጫ አምጥቶ ስለነበር ሰው ለምዷል። ከእጅ ያለ ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል እንደሚባለው ነው። ሶሊችን የተካው ቢል ካላሃን ከፕሮፌሽናል ሊጉ የመጣ፣ ሱፐር ቦውል የደረሰ ሰው ነበር። በመጀመሪያ ዓመቱ 5 ለ 6 ሆነ። ኔብራስካ ከ1961 ወዲህ እንዲህ ያለ ከግማሽ በታች ውጤት አይቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ቦ ፔሊኒ መጣ። ሰባት ዓመት ሠራ፤ በየዓመቱ ቢያንስ ዘጠኝ ጨዋታ አሸነፈ። እሱም በ2014 ተባረረ። አመሉ አስቸጋሪ ነበር፣ ትልልቆቹን ጨዋታዎች ደግሞ በሰፊ ልዩነት ይሸነፍ ነበር። ይህ እውነት ነው። ግን ከእሱ በኋላ የመጣው ማይክ ራይሊ በሦስት ዓመት 19 አሸንፎ 19 ተሸነፈ። ቀጥሎ ስኮት ፍሮስት መጣ፤ 16 አሸንፎ 31 ተሸነፈ። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይኸው ነው።

ታዲያ አሰልጣኝ አይቀየር ማለት ነው? አይደለም። ጆርጂያ በ2015 ማርክ ሪክትን አሰናበተ። ሪክት 15 ዓመት ሠርቶ 145 ጨዋታ ያሸነፈ የተከበረ ሰው ነበር። የተካው ኪርቢ ስማርት በመጀመሪያ ዓመቱ 8 ለ 5 ሆነ፤ በ2021 እና በ2022 ውድድሮች ግን ዋንጫውን ሁለቴ በተከታታይ ወሰደ። ልዩነቱ ምንድን ነው? ጆርጂያ ሲያሰናብት ማንን እንደሚፈልግ ያውቅ ነበር። ስማርት እዚያው የተጫወተ፣ አላባማ ላይ የዋና አሰልጣኙን የኒክ ሴበንን ዲፌንስ (የመከላከል ክፍል) ሲመራ የኖረ ሰው ነው። ግዛቱ ደግሞ ለዋንጫ የሚያበቁ ልጆች በየዓመቱ ከየሃይ ስኩሉ የሚወጡበት ነው። ኔብራስካ ሰፊ መሬትና ጥቂት ሕዝብ ያለው ግዛት ነው፤ ጥሩ ተጫዋች ከሩቅ መጥቶለት ካልሆነ ራሱ አያበቅለውም። ስለዚህ «ማን ይሂድ?» ከማለት በፊት «ማን ይመጣል? ለምንስ እኛ ጋ ይመጣል?» ማለት ይቀድማል። አብዛኛው ደጋፊ ይህን ጥያቄ የሚያነሳው ሰውዬው ከተባረረ በኋላ ነው።

የማባረሪያውን ሂሳብ መርሳት

እኛ «ይባረር» ስንል ነፃ ነው። ለኮሌጁ ግን ነፃ አይደለም።

ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ጂምቦ ፊሸርን ከፍሎሪዳ ስቴት ሲያመጣ የአሥር ዓመት የ75 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። በዚያ ላይ ዓመተ ምሕረቱ ክፍት የተተወ የሻምፒዮንነት ሰሌዳ ተበረከተለት። «ዓመቱን አንተ ትሞላዋለህ» ለማለት ነው መቼም። በ2021 ውሉ እስከ 2031 ተራዘመ። በቀጣዩ ዓመት ቡድኑ 5 ለ 7 ሆነ። ኖቬምበር 2023 ላይ ፊሸር ሚሲሲፒ ስቴትን 51 ለ 10 ባሸነፈ ማግስት ተሰናበተ። የማሰናበቻው ሂሳብ ወደ 76 ሚሊዮን ዶላር ነበር። ሰሌዳው ላይ የሚሞላ ዓመት አልተገኘም።

ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ማባረሩ ነው። ስህተቱ የተሠራው ግን ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ ውሉ ሲራዘም ነው። ያኔ ደጋፊው አጨብጭቧል። አንድ ጥሩ ዓመት ያሳየ አሰልጣኝ ስሙ ከሌላ ኮሌጅ ጋር ሲነሳ እኛው ነን «አስሩት! ፈርሙለት!» የምንለው። ወኪሉም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ቀኑም ዋጋ አለው። ኔብራስካ ፍሮስትን ሴፕቴምበር 11 ቀን 2022 አሰናበተው። ኦክቶበር 1 ድረስ ቢጠብቅ ኖሮ የሚከፍለው 15 ሚሊዮን ወደ 7.5 ሚሊዮን ይወርድ ነበር። ሃያ ቀን መታገሥ አቃታቸው። የዚያን ሰሞን በሜዳቸው በጆርጂያ ሳውዘርን ተሸንፈው ስለነበር ንዴቱ ይገባኛል። ንዴት ግን ሰባት ሚሊዮን ተኩል ዶላር አያወጣም።

በ2025 ደግሞ ነገሩ ከረረ። ፔን ስቴት ጄምስ ፍራንክሊንን፣ ኤል ኤስ ዩ (ሉዊዚያና ስቴት ዩኒቨርሲቲ) ብራያን ኬሊን በዚያው በአንድ ኦክቶበር አሰናበቱ። ሁለቱም ውሎች በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ቀሪ ክፍያ ነበራቸው።

ከአሰልጣኙ ጋር ማን እንደሚሄድ አለማሰብ

በእንግሊዝ ኳስ አሰልጣኝ ቢባረር ተጫዋቹ ውል አለው፤ ሰኞ ልምምድ ይገባል። የኮሌጅ ተጫዋች እንዲህ አይደለም። አሰልጣኝ ሲቀየር ለዚያ ቡድን ልጆች ብቻ ልዩ የዝውውር መስኮት ይከፈታል። ትራንስፈር ፖርታሉ፣ ማለትም መዛወር የሚፈልግ ተጫዋች ስሙን የሚያስገባበት መዝገብ፣ በ2018 ከተጀመረ ወዲህ፣ በተለይም ከ2021 ጀምሮ ተዛውሮ ያለ ቅጣት ወዲያው መጫወት ከተፈቀደ በኋላ፣ ጓዝ ማሰር ቀላል ሆኗል። ገና ያልፈረመ የሃይ ስኩል ልጅ ደግሞ ቃል የገባው ለኮሌጁ ቢመስልም እውነቱን ለመናገር ቤቱ ድረስ መጥቶ ከእናቱ ጋር ቁጭ ብሎ ላወራው ሰው ነው።

ፔን ስቴት ይህን ቀምሷል። ፍራንክሊን በጃንዋሪ 2025 ቡድኑን ለግማሽ ፍጻሜ አድርሶ ነበር። ቀጣዩን ውድድር ሁለተኛ ተብለው ጀመሩ። ከዚያ ሦስት ተከታታይ ሽንፈት መጣ፤ ሥራውንም አጣ። በአንድ ወር ከምናምን ጊዜ ውስጥ ቨርጂኒያ ቴክ ቀጠረው። ሊፈርሙለት የነበሩ ልጆች ብዙዎቹ ተከትለውት ሄዱ። በዲሴምበሩ የፊርማ ቀን ፔን ስቴት ገና አዲስ አሰልጣኝ አልነበረውም፤ የፈረሙለትም በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ማባረሩ ትክክል ነበር አልነበረም ሌላ ክርክር ነው። ዋጋው ግን በቼክ ብቻ እንደማይከፈል ማወቅ ያስፈልጋል።

ኳርተርባኩን ብቻ ማየት

አሁን ወደ ሁለተኛው ፊት እንሂድ።

ኳሷ ከመሃል ስትነሳ ዓይናችን ከኳሷ ጋር ይሄዳል። ኳሷ ያለችው ኳርተርባኩ እጅ ላይ ነው። ስለዚህ የሆነው ሁሉ የእሱ ይመስለናል። እሱ ግን ለመወርወር ያለው ጊዜ ሁለት ተኩል፣ ቢበዛ ሦስት ሰከንድ ነው። ያንን ጊዜ የሚሰጡት ከፊቱ የሚሰለፉት አምስት ግዙፍ ልጆች ናቸው። ስማቸውን የሚያውቅ ደጋፊ ስንት ነው?

ለቀጣዩ ቅዳሜ አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ሦስተኛ ዳውን ሆኖ ሰባት ስምንት ያርድ ሲቀር ኳርተርባኩን አትዩት። ከአምስቱ በስተግራ ጫፍ የተሰለፈውን፣ ታክል የሚባለውን ልጅ ተመልከቱ። በቀኙ የሚወረውር ኳርተርባክ ጀርባውን የሚሰጠው በዚያ በኩል ስለሆነ አደጋውን አያየውም። የታክሉን እግር ልብ በሉ። ወደ ኋላና ወደ ጎን እየተንሸራተተ ከተከላካዩ ፊት ቀድሞ ይቆማል ወይስ ወገቡን ጎንበስ አድርጎ በእጁ ብቻ ለመያዝ ይሞክራል? ጎንበስ ካለ አልቆለታል፤ ተከላካዩ በውጭ በኩል ይዞረዋል። ይህን አሥር ጊዜ ያህል ካያችሁ በኋላ ኳርተርባኩ ለምን ገና ማንም ሳይነካው እንደሚደነብር ይገባችኋል። ልጁ ፈሪ ሆኖ አይደለም፤ ከዚያ በፊት ብዙ ጊዜ ተመትቷል።

የኮሎራዶውን ሸዱር ሳንደርስን ውሰዱ። በ2023 አባቱ ዲዮን ሳንደርስ ቡድኑን ተረክቦ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ጨዋታዎች ሲያሸንፍ አገር ጉድ አለ። ውድድሩ ሲያልቅ 4 ለ 8 ነበሩ። ሸዱር 27 ታችዳውን (ጎል የሆነ ኳስ) ወርውሮ ኢንተርሴፕሽኑ 3 ብቻ ነበር። ግን 52 ጊዜ ሳክ ተደርጓል፤ ማለትም ኳሷን ሳይለቃት ወደ መሬት ተጥሏል። አንዳንዱ ሳክ በእርግጥ የራሱ ጥፋት ነበር፤ ኳሷን ይዞ መቆየት ይወዳል። 52 ግን የአንድ ሰው ጥፋት ሊሆን አይችልም።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትባት አንዲት ቴክኒካዊ ነገር አለች። በኮሌጅ አቆጣጠር በሳክ የጠፋ ያርድ የሚቀነሰው ከሩጫ ነው። በፕሮፌሽናሉ ሊግ ግን ከውርወራ ይቀነሳል። ስለዚህ የኮሌጅ ኳርተርባክ የሩጫ ቁጥሩ ከዜሮ በታች ቢሆን «ይሄ ልጅ መሮጥ አይችልም» አትበሉ። ምናልባት የላይኑን ዕዳ ተሸክሞ ይሆናል።

ኢንተርሴፕሽንም እንደዚሁ ነው። አንዳንድ ጊዜ ተቀባዩ የተከላካዩን አቋም አይቶ ወደ ውስጥ ወይ ወደ ውጭ መታጠፍ አለበት፤ ኳርተርባኩም ያንኑ አይቶ ይወረውራል። ሁለቱ አንድ ዓይነት ካላነበቡ ኳሷ ማንም የሌለበት ቦታ ትሄዳለች። እኛ ቤት ሆነን «ለማን ነው የወረወረው? ታውሯል እንዴ?» እንላለን። ካሜራው የተሳሳተውን ተቀባይ አላሳየንማ።

ልጁን ከተሰጠው ሥራ ለይቶ አለማየት

ጆ በሮው ከኦሃዮ ስቴት ወደ ኤል ኤስ ዩ የሄደው ቦታ አጥቶ ነው። በ2018 ካቀበላቸው ኳሶች 57.8 በመቶው ደረሱ፤ 16 ታችዳውን ወረወረ። «ደህና ልጅ ነው» ከማለት ያለፈ ነገር የተናገረ አልነበረም። በ2019 ያው ልጅ 76.3 በመቶ፣ 5,671 ያርድ፣ 60 ታችዳውን። የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚያገኘው የሃይዝማን ሽልማትና ዋንጫ፤ 15 ጨዋታ፣ 15 ድል።

ክንዱ በአንድ ክረምት አልተቀየረም። የተቀየረው ሥራው ነው። ጆ ብሬዲ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ ከኒው ኦርሊንስ ሴንትስ መጥቶ ከነባሩ ኮርዲኔተር (የማጥቃቱን ክፍል ከሚመራው ረዳት) ከስቲቭ ኤንስሚንገር ጋር ተጣመረ። ተቀባዮቹን በሜዳው ስፋት በተኗቸው። በሮው ቶሎ አይቶ ቶሎ የሚለቅ ልጅ ነበርና ለእሱ የተሰፋ ሆነ። ተቀባዮቹ ጃማር ቼስና ጀስቲን ጀፈርሰን መሆናቸውንም አንርሳ።

በቀጣዩ ዓመት በሮውም ብሬዲም ወደ ፕሮፌሽናሉ ሄዱ። ኤል ኤስ ዩ 5 ለ 5 ሆነ። ዋና አሰልጣኙ ኤድ ኦርጄሮን ከዋንጫው በኋላ ሁለት ዓመት እንኳ ሳይሞላው፣ በኦክቶበር 2021፣ እንደሚሰናበት ተነገረ። ደጋፊው ዋንጫውን ሲያገኝ ያመሰገነው ኦርጄሮንን ነበር፤ ሲያጣም የረገመው ኦርጄሮንን ነው። ለእኔ በሁለቱም ጊዜ ስለ ረዳቶቹ ያወራው ሰው ቁጥር አነስተኛ መሆኑ ይገርመኛል። ቡድናችሁ ኮርዲኔተር ሲቀይር ዋና አሰልጣኝ የተቀየረ ያህል ጆሮ ስጡት።

የተቀመጠው ሁሉ የተሻለ እንደሆነ ማሰብ

ተጠባባቂ ኳርተርባክ አይሳሳትም፤ አልገባማ። ስለዚህ ደጋፊ ይወደዋል።

በጃንዋሪ 2018 አትላንታ ላይ በተደረገው የፍጻሜ ጨዋታ አላባማ በጆርጂያ 13 ለ 0 እየተመራ ለዕረፍት ወጣ። ኒክ ሴበን እስከዚያ ድረስ በጀመረባቸው ጨዋታዎች ሁለቴ ብቻ የተሸነፈውን ጄለን ኸርትስን አስቀምጦ ገና አንደኛ ዓመት የሆነውን ቱዋ ታጎቫይሎአን አስገባ። በጭማሪ ሰዓት፣ በሁለተኛ ዳውን 26 ያርድ ሲቀር፣ ቱዋ ለዴቮንታ ስሚዝ 41 ያርድ ወርውሮ 26 ለ 23 አሸነፉ። ከዚያ ቀን ወዲህ እያንዳንዱ ደጋፊ የራሱን ቱዋ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያየዋል። ግን ሴበን ቱዋን ዓመቱን ሙሉ በልምምድ አይቶታል። እኛ ያየነው የሞቅታ ጊዜውን ነው።

የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል ብዙ አይወራም። ኸርትስ አኩርፎ አልሄደም። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ እዚያው አትላንታ፣ ያንኑ ጆርጂያን ቱዋ ተጎድቶ ሲወጣ ገብቶ 35 ለ 28 አሸነፈ። ዛሬ ፖርታሉ እንዲህ ተከፍቶ፣ ተጫዋቾች በስማቸውና በምስላቸው ገንዘብ ማግኘት ከቻሉበት ከ2021 ወዲህ፣ እንዲህ የሚቀመጥ ልጅ ማግኘት ከባድ ነው።

ክሌምሰን ለትንሽ ነበር የተረፈው። ሴፕቴምበር 2018፣ ከአራት ጨዋታ በኋላ አሰልጣኙ ዳቦ ስዊኒ ኬሊ ብራያንትን አስቀምጦ ትሬቨር ሎረንስን ዋና አደረገው። ብራያንት በቀናት ውስጥ ቡድኑን ለቀቀ። የዚያው ሳምንት ቅዳሜ ከሲራክዩስ ጋር ሎረንስ ተመትቶ ወጣ። ቀሪው ብዙ ሰው ስሙን የማያውቀው ቼስ ብራይስ ነው። ቡድኑ ሦስት ነጥብ ተመርቶ፣ ከራሱ 6 ያርድ ላይ ተነስቶ፣ 94 ያርድ መሄድ ነበረበት። በአራተኛ ዳውን 6 ያርድ ሲቀር ብራይስ ለቲ ሂጊንስ አቀበለ። መጨረሻ ላይ ትራቪስ ኤቲየን ይዞ ገባ፤ 27 ለ 23። ክሌምሰን ያን ዓመት 15 ለ 0 ሆኖ ዋንጫ ወሰደ። ለሎረንስ ቦታውን መስጠቱ ትክክል ነበር። ያም ሆኖ ዓመቱ በአንድ ተጠባባቂ ልጅ ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ኳርተርባክ ይቀየር ስትሉ የሚቀረው ማን እንደሆነ ቁጠሩ።

አንድ ነገር ልጨምር። እነዚህ ልጆች አሥራ ዘጠኝ ሃያ ዓመታቸው ነው። ገጻቸው ላይ ገብቶ መሳደብ፣ በተለይ ውርርድ ስለተበላ መሳደብ፣ ነውር ነው። የእኛም ሰፈር ልጆች ይህን ሲያደርጉ አያለሁ። በቃ፣ ይቅር።

ቁጥር ሳይመረምሩ መጥቀስ

«70 በመቶ አቀበለ እኮ!» ምን ያህል ርቀት? ወደ ጎን የሚጣል አጭር ኳስ በመቶኛውን ያሳድገዋል፤ ቡድኑን ግን ላያራምድ ይችላል። የኮሌጁ የኳርተርባክ ነጥብ ስሌት ይህን በከፊል ያርመዋል። ያርዱን በ8.4፣ ታችዳውኑን በ330፣ የደረሱትን ኳሶች በ100 ታበዛላችሁ። ለእያንዳንዱ ኢንተርሴፕሽን 200 ትቀንሳላችሁ። ድምሩን ለውርወራው ብዛት ታካፍላላችሁ። በወረቀት ላይ ሁለት ልጆች እንፍጠር። አንዱ 20 ወርውሮ 15 አደረሰ፣ 100 ያርድ፣ አንድ ታችዳውን፤ 133.5 ያገኛል። ሌላው ከ20 አሥር ብቻ አደረሰ፣ አንድም ተነጠቀ፣ ግን 200 ያርድና አንድ ታችዳውን አለው፤ 140.5 ያገኛል። «ግማሹን የሳተው» ልጅ በለጠ። ይህም ስሌት ቢሆን ላይኑን አያይም።

በስም መነዳት

የቴክሳሱ ኳርተርባክ አርች ማኒንግ የታዋቂዎቹ ኳርተርባኮች ዘመድ ነው፤ የአርቺ የልጅ ልጅ፣ የፔይተንና የኢላይ የወንድም ልጅ። በ2025 ቴክሳስ ውድድሩን በአንደኛ ደረጃ ጀመረ። ኦገስት 30 ኮሎምበስ ላይ በኦሃዮ ስቴት 14 ለ 7 ተሸነፉ። አርች 30 ወርውሮ 17 አደረሰ፣ 170 ያርድ። በማግስቱ «ስም ብቻ ነው» ተባለ። ከሳምንት በፊት ሃይዝማኑን የሸለሙት ራሳቸው ናቸው እንዲህ ያሉት። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ። በኖቬምበር መጨረሻ ቴክሳስ እስከዚያ ያልተሸነፈውን ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤምን 27 ለ 17 ሲያሸንፍ ዋናው ኳርተርባክ ያው አርች ነበር።

በተቃራኒው ጆርጂያን ሁለቴ ዋንጫ ያስነሳው ስቴትሰን ቤኔት ቡድኑን ሲቀላቀል ስኮላርሺፕ እንኳ አልነበረውም። የ2025ቱን ሃይዝማን የወሰደው ፈርናንዶ ሜንዶዛ ከሃይ ስኩል ሲወጣ ትልልቆቹ ኮሌጆች ዞር ብለው አላዩትም።

«ኢንዲያና በአንድ ዓመት ከቻለ እኛስ?»

ሜንዶዛን ካነሳን የዘመኑ ትልቁ ስህተት እዚሁ አለ። ኢንዲያና በፉትቦል ታሪኩ ሽንፈት የለመደ ኮሌጅ ነበር። በ2023 3 ለ 9 ሆነ። አሰልጣኙ ከርት ሲግኔቲ ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ መጣና በ2024 መደበኛውን ውድድር 11 ለ 1 ጨረሰ። በ2025 ደግሞ አንድም ሳይሸነፍ ሻምፒዮን ሆነ። አሁን በየከተማው ያለ ደጋፊ አሰልጣኙን «እሱ ከቻለ አንተ ምን ሆነህ ነው?» ይላል።

ድሮ መልሱ «ታገሡ» የሚል ነበር። ሴበን በ2007 አላባማ ሲገባ በሉዊዚያና ሞንሮ ተሸንፎ ዓመቱን 7 ለ 6 ጨርሷል፤ ከዚያ በኋላ እዚያው ስድስት ዋንጫ ወስዷል። ስዊኒ በ2010 6 ለ 7 ነበር። ይህ ምክር ዛሬ ግማሽ በግማሽ ያረጀ ይመስለኛል። ፖርታሉ ስላለ ቡድን በአንድ ክረምት መገንባት ይቻላል። አራት ዓመት ስጡኝ የሚል አሰልጣኝ ዛሬ ማብራሪያ ሊጠየቅ ይገባል። እኔ ብጠየቅ ሁለት ዓመት እሰጣለሁ፤ በሁለተኛው ዓመት ላይኑ ካልተሻሻለ እጨነቃለሁ።

ግን ሲግኔቲ «በአንድ ዓመት» ያደረገው ነገር ከዚያ በፊት 13 ዓመት ወስዷል። የሴበን ረዳት ሆኖ አላባማ ላይ እየሠራ ሳለ ያንን ወንበር ትቶ፣ በ2011 ቴሌቪዥን ወደማያያቸው ትንንሽ ኮሌጆች ዋና አሰልጣኝ ሊሆን ሄደ። ኢንዲያና ሲቀጥረው ዕድሜው 62 ነበር፤ በዋና አሰልጣኝነት ከግማሽ በታች የጨረሰበት ዓመት ግን አልነበረም። የዚያን ቀን ኔብራስካ ለፍሮስት ያደረገው ዓይነት ሆታ አልነበረም። ፍሮስት የአገሩ ልጅ፣ የ1997ቱ ሻምፒዮን ቡድን ኳርተርባክ፣ በሴንትራል ፍሎሪዳ ሳይሸነፍ ዓመቱን የጨረሰ ሰው ነበርና ሲመጣ ሁሉ ሰው ደስ ብሎት ነበር።

ስለዚህ ቡድናችሁ አዲስ አሰልጣኝ ሲሾም ጋዜጣዊ መግለጫውን መዝለል ትችላላችሁ። እዚያ ሁሉም ጥሩ ይናገራል። ይልቅ በሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት ማንን ኮርዲኔተር እንዳደረገና ከድሮ ቡድኑ እነማን እንደተከተሉት ተመልከቱ። ሲግኔቲ ዲፌንሱን የሚመራውን ብራያንት ሄይንስንና ኦፌንሱን የሚመራውን ማይክ ሻናሃንን ከጄምስ ማዲሰን ይዟቸው ነው የመጣው፤ ከአሥር በላይ ተጫዋቾችም አብረውት መጡ።